የጥንቸሉ ሲዲ ካምፓኒ የት ደረሰ?

እህቴ፣ አክስትሽ ድሮ ከአሜሪካ የላከችውን የሪደር ራቢት ሲዲ፣ ያ ልጆችን እንግሊዝኛ ማንበብ የሚያስተምረውን የጥንቸል ጌም፣ ከሳጥን አውጥተሽ «የሰራው ካምፓኒ አሁንም አለ ወይ፣ ለስድስት ዓመት ልጄስ ይሆናታል ወይ» ብለሻል። እኔ በ1996 አካባቢ ፒያሳ አንድ ኮምፒውተር ማሰልጠኛ ውስጥ ቅዳሜ ቅዳሜ ልጆች አስተምር ስለነበር ይሄን ነገር አብጠርጥሬ ነው የማውቀው። ካምፓኒው እንደ ድሮው የለም፣ ሲዲው ግን ለልጅሽ በደንብ ይሆናታል። ትንሽ ይረዝማል ታገሺኝ፣ ካሁን በኋላ ያለውን ዓመት በፈረንጅ ነው የምጽፈው።

ስሙ ዘ ለርኒንግ ካምፓኒ ነው፣ 1980 ላይ ካሊፎርኒያ ውስጥ አን ማኮርሚክ፣ ሌስሊ ግሪም፣ ቴሪ ፐርልና ዋረን ሮቢኔት የጀመሩት። ሮቢኔትን ጌም ወዳዶች ያውቁታል፣ አታሪ የሚባል ጌም ካምፓኒ ውስጥ እያለ የሰሪው ስም ስለማይጻፍ አድቬንቸር ጌም ውስጥ ድብቅ ክፍል ሰርቶ ስሙን እዛ ያስቀመጠው ሰውዬ ነው። እነዚህ ሰዎች ጋ ጨዋታውና ትምህርቱ አንድ ነው። አሁን ስልክ ላይ ያሉት ብዙዎቹ አፖች ጥያቄ ይጠይቁና ልጁ ሲመልስ ፊኛ ያፈነዱለታል፣ ፊኛውና ጥያቄው ምን አገናኛቸው? እነሱ 1982 ላይ ያወጡት ሮኪስ ቡትስ የሚባል ጌም ላይ ግን ልጁ ኤንድ፣ ኦር፣ ኖት የሚባሉትን ሎጂክ ጌቶች፣ ኮምፒውተር የሚወስንባቸውን ትንንሽ ክፍሎች፣ ገጣጥሞ ራሱ ማሽን ይሰራል፣ የኛ ኢንጂነሪንግ ተማሪ ዩኒቨርሲቲ ገብቶ የሚማረውን ማለት ነው።

ሪደር ራቢት ላይ ደሞ የቃላት ባቡር አለ። ባቡሩ ላይ የምትጭኚው ቃል ከፊቱ ካለው በአንድ ፊደል ብቻ ነው መለየት ያለበት፣ ካት ካለ ካፕ፣ ከካፕ ማፕ እያለ ይሄዳል። ከማሰልጠኛው በር ላይ ቡና የምታፈላ ሴትዮ ልጅ ነበረች፣ ሰባት ዓመቷ፣ አማርኛ ጥርት አርጋ ታነባለች። ካት ላይ ፖትን ጫነች፣ ባቡሩ እምቢ አለ። ደጋግማ ጫነች፣ እምቢ። «ቲቸር አንድ ፊደል ብቻ እኮ ነው የቀየርኩት!» አለችኝ ተናዳ፣ እውነቷን ነው፣ በኛ ፊደል ካን በፖ ነው የቀየረችው። ስክሪኑን አፍጥጣ አየችና ትንሽ ቆይታ «እንዴ፣ ካን ለሁለት ነው እንዴ የሚጽፏት?» አለች። እኔ ወር ሙሉ ሰሌዳ ላይ ላስረዳት ያልቻልኩትን ባቡሩ በአስር ደቂቃ አስረዳት።

ታዲያ እንዲህ ያለ ካምፓኒ እንዴት ጠፋ ካልሽ፣ 1995 ላይ ኬቨን ኦሊሪ ከመሪዎቹ አንዱ የነበረበት ሶፍትኪ የሚባል ርካሽ ሲዲ ሻጭ በ606 ሚሊዮን ዶላር ገዛውና ስሙን ራሱ ለበሰው። ከዛ ኦሪገን ትሬይል የሚባለውን ጌም የሰራውን ሜክን፣ 1998 ላይ ደሞ ካርመን ሳንዲዬጎ የሚባለውን ጌም የሰራውን ብሮደርቡንድን ጠቀለለ። ዋጋ ሰበሩ፣ አዲስ ነገር ለመፍጠር የሚወጣውን ብር ቆረጡ። 1999 ላይ የባርቢ አሻንጉሊት ሰሪው ማቴል ወደ 3.5 ቢሊዮን ዶላር ከፍሎ ወሰደው፣ ወራት ሳይቆይ በአንድ ሩብ ዓመት ብቻ 105 ሚሊዮን ዶላር ኪሳራ ወጣ፣ 2000 ላይ የማቴል ኃላፊ ጂል ባራድ ለቀቀች፣ ካምፓኒውም እጅ በእጅ ምንም ብር ሳይከፈልበት ጎርስ ለሚባል ድርጅት ተሰጠ፣ ከዛ ተቆራርጦ ተሸጠ። ኢንተርኔት ገደለው የሚሉ አሉ፣ ኢንተርኔትም የራሱ ድርሻ አለው፣ እኔ ግን አስተማሪዎቹ ወጥተው ሻጮቹ ሲገቡ ነው የሞተው ባይ ነኝ፣ አሁንም ሳስበው ይቆጨኛል።

ሲዲውን በሚመለከት፣ መጀመሪያ ሳይጫር ሙሉውን ኮፒ አርገሽ ፍላሽ ላይ አስቀምጪ፣ ላፕቶፕሽ ሲዲ ማስገቢያ ከሌለው በዩኤስቢ የሚሰካ ተዋሺ። የዛን ጊዜ ፕሮግራሞች ብዙዎቹ 16 ቢት ስለሆኑ ባለ 64 ቢት ዊንዶውስ ላይ አይከፍቱም፣ ስለዚህ ቨርቹዋልቦክስ የሚባለውን፣ ኮምፒውተርሽ ውስጥ ሌላ ኮምፒውተር የሚፈጥር ፕሮግራም ጭነሽ ውስጡ የድሮ ባለ 32 ቢት ዊንዶውስ አስገቢ፣ ኮምፒውተር የሚጠግን ልጅ በአንድ ከሰዓት ይጨርስልሻል። ባቡሩ ጋ ስትደርስ አጠገቧ ሁኚ፣ ካት ላይ ፖት ስትጭን ምን እንዳለች እዚሁ ጻፊልኝ።