በቤት ለተኙ ሕሙማን የሕመም ማስታገሻ መስጠት ተስፋ መቁረጥ ነውን?

ጥያቄ፦ መምህር፣ እንደምን ሰነበቱ? የሰንበቴያችን ሴቶች ተሰባስበን በካንሰር የተኙ እናትን ከልጃቸው ጋር በየተራ እናስታምማለን። ሐኪሞቹ «ከእንግዲህ ማስታገስ እንጂ ማዳን አንችልም» ብለው የሚጠጣ ሞርፊን ሰጥተው ወደ ቤት መልሰዋቸዋል። ጎረቤቶች ግን «ጸበል ብቻ አጠጧቸው፤ ማስታገሻ ተስፋ መቁረጥ ነው፤ ሕመም ኃጢአት ያቃልላል» ስለሚሉን ፈራን። ምን እናድርግ?

መልስ፦ እኅቴ፣ መድኃኒቱን ሐኪሙ ባዘዘው ሰዓትና መጠን፣ ሳታጎድሉ ሳትጨምሩ ስጧቸው። ጸበሉንም አጠጧቸው። ሁለቱን ማን አጣላቸው? መጽሐፈ ሲራክ በምዕራፍ 38 እግዚአብሔር መድኃኒትን ከምድር እንደፈጠረ፣ አስተዋይ ሰውም እንደማይንቀው ይነግረናል። ደጉ ሳምራዊም በቁስለኛው ላይ ዘይትና ወይን አፍስሶ ቁስሉን አሰረለት (ሉቃ. 10፥34)።

«ሕመም ኃጢአት ያቃልላል» የሚለውን ግን በዝምታ አላልፈውም። መከራን በትዕግሥት መቀበል ዋጋ አለው፤ ትዕግሥቱ ግን የታማሚው ነው። በሌላው ሰው ሥቃይ ላይ «ይቻሉት» ብሎ የሚፈርድ ጎረቤት ይህን ሥልጣን ከየት አገኘው? የኢዮብ ወዳጆች ሰባት ቀንና ሰባት ሌሊት ከእርሱ ጋር በመሬት ላይ ዝም ብለው ተቀመጡ፤ የበደሉት አፋቸውን ከፍተው የሕመሙን ምክንያት ሊያስረዱት ሲነሡ ነው። ደግሞም ሥቃይ የጸናበት ሰው አቡነ ዘበሰማያትን እንኳ መጨረስ ያቅተዋል። ጋብ ሲልላቸው ይጸልያሉ፣ ልጃቸውን ይመርቃሉ፣ ንስሐ ይገባሉ።

ስለዚህ የንስሐ አባታቸውን አእምሯቸው ሳይደክም ጥሩላቸው። ብዙ ቤተሰብ ካህን ሲገባ «ሞትሽ ደረሰ» የተባለች ይመስላታል ብሎ ይፈራል። ያዕቆብ «ከእናንተ የታመመ ማንም ቢኖር» ካህናትን ይጥራ፣ ዘይት ቀብተው ይጸልዩለት አለ እንጂ እስትንፋሱ እስኪያልቅ ይጠብቅ አላለም (ያዕ. 5፥14)። በጾምም ወተት ወይም የሥጋ ሾርባ ቢያስፈልጋቸው አትከልክሏቸው፤ ሕመምተኛ ከጾም ነፃ ነው።

ተስፋ መቁረጥ የተባለውስ? በየቅዳሴው «ወንሴፎ ትንሣኤ ሙታን» (የሙታንን ትንሣኤ ተስፋ እናደርጋለን) እያልን እንመሰክራለን። ተስፋችን ከሐኪም ቤት ቀጠሮ ጋር አያበቃም።

እድሮቻችን ሰው ሲሞት ድንኳን ለመትከል ይፈጥናሉ፤ በሕይወት ሳለ የሚያገላብጠው ግን ይቸግራል። ይህ ያሳዝነኛል፤ ምክንያቱም እንችላለን። በኤች አይ ቪ ክፉ ዘመን፣ መድኃኒቱ በ1997 ዓ.ም. በነፃ መታደል ሳይጀምር፣ በአዲስ አበባ ሕሙማንን በየቤታቸው የሚያስታምሙ እድሮችና በጎ ፈቃደኞች ነበሩ። «ታምሜ ጠይቃችሁኛል» የሚለውን የጌታን ቃል እነርሱ በእጃቸው ፈጽመውታል።

ጎናቸው እንዳይቆስል ቶሎ ቶሎ አገላብጧቸው። ሞርፊን ሆድ ያደርቃል፤ ይህን ሳታፍሩ ለሐኪሙ ንገሩት። ከአልጋቸው አጠገብ ስለ ሌላ ሰው የካንሰር ሞት አታውሩ። ልጃቸውንም አትርሱ፤ እናቷ ከተኙ ጀምሮ ማን አሳርፏት ያውቃል? በመጪው እሑድ አንዳችሁ ከእናቷ ጋር ቆዩና እርሷ ሄዳ ታስቀድስ።