ለሞተር የትኛው ቀለም? ጥያቄና መልስ ከደሴ ጋራዥ

ሰሞኑን ስለ ሞተር ቀለም ብዙ ጠይቃችሁኛል። እጄ ከግሪስ ጸድቶ ስልክ የያዝኩት ዛሬ ነው፤ ልመልስ።

ጥያቄ፦ ጋሼ፣ የሚኒባሴን ሞተር አስጠግኜ ከመገጠሙ በፊት ልቀባው ነው። «1200» የሚል ስፕሬይ አገኘሁ። ትልቁን ቁጥር ብወስድ አይሻልም?

መልስ፦ አይሻልም ወንድሜ። ቁጥሩ ቀለሙ የሚችለው ሙቀት ነው፤ መጀመሪያ በምን እንደተለካ ጣሳው ላይ እይ። 1200 ፋራናይት ማለት 650 ሴልሺየስ ገደማ ነው። ብዙ ሰው እዚህ ጋ ይሸወዳል። ደግሞስ ሞኖብሎኩ፣ ማለትም ዋናው የሞተሩ አካል፣ ምን ያህል ይሞቃል? ውስጡ የሚዞረው ውሃ 90 ዲግሪ አካባቢ ነው፤ የውጪ ገላውም ከዚያ ብዙ አይርቅም። እስከ 200 ሴልሺየስ የሚችል የሞተር ኢናሜል ይበቃዋል። ያ ባለ ትልቅ ቁጥሩ አብዛኛውን ጊዜ ሲሊኮን ያለበት ነው። በደንብ የሚጠነክረው 200 ዲግሪ አካባቢ ሲጋገር ነው። ሞኖብሎክ ላይ ያን ሙቀት ስለማያገኝ እንዳልበሰለ እንጀራ ይቀራል። ናፍጣ ጠብ ሲልበት በጨርቅ ተጠርጎ ይመጣል።

ጥያቄ፦ ታዲያ ባለ 1200ው ለምን ያገለግላል?

መልስ፦ ለጭስ ማውጫው። ሞተሩ ላይ የሚታሰረው ማኒፎልድ ጭነት ሲበዛበት 600 ዲግሪ ሊደርስ ይችላል። ጀማሪ ሳለሁ ማኒፎልድ በተራ ጥቁር ቀለም ቀባሁ። ከኮምቦልቻ የሐረጎን ዳገት ስንወጣ ጭሱ ከኮፈኑ ስር ተንቦለቦለ። ባለመኪናው «ተቃጠልን!» ብሎ ዘሎ ወረደ። ደሴ ስንደርስ ቀለሙ እንደ ሽንኩርት ልጣጭ ተነስቶ ነበር።

ትክክለኛውን ስትቀባም ሳስ አድርገህ፣ ሁለት ሦስት ዙር። ከደረቀ በኋላ ሞተሩን አስነስተህ ጥቂት ደቂቃ አሙቀው፤ አጥፋና ይቀዝቅዝ። ቀጥሎ ትንሽ ረዘም አድርግ። መጀመሪያ ላይ ትንሽ ቢጨስ አብሽር፤ እየተጋገረ ነው። ደጅ ላይ ይሁን እንጂ።

ጥያቄ፦ ከስሩ አንቲረስት (የዝገት መከላከያ ቀለም) ልቀባ?

መልስ፦ ጭስ ማውጫ ላይ ተራውን በፍጹም፤ ቀድሞ የሚቃጠለው እሱ ነው። ጎድጓዳ መሙያው ስቱኮም እንዲሁ።

ጥያቄ፦ በናፍጣ አጥቤዋለሁ፣ አይበቃም?

መልስ፦ ናፍጣ ግሪሱን ያወርዳል፣ ራሱ ግን ቅባት ጥሎ ይሄዳል። በሽቦ ብሩሽ ዝገቱን አንሳ፣ በቲነር ጨርስ። ከዚያ ነጭ ጨርቅ አሻሸው። ጨርቁ ከጠቆረ ድገም። በእውነት ከቀለሙ ዋጋ ይልቅ ይሄ ነው ሥራው። ካንዴላውን፣ ሴንሰሩን፣ ቺንጋውን (ቀበቶውን)ና የባትሪው ኔጌቲቭ ገመድ የሚታሰርበትን ቦታ በፕላስተር መሸፈን አትርሳ።

ጥያቄ፦ ከሚሴ ነኝ፣ ባጃጅ አለኝ። ሞተሩን ባስቀባው ሙቀት ይጨምርበታል?

መልስ፦ በአየር የሚቀዘቅዝ ከሆነ እነዚያ ክንፎቹ ናቸው ሙቀቱን የሚያወጡት። ስስ ቀለም አይጎዳቸውም። በብሩሽ ወፍራም አድርገህ ከለቀለቅከው ግን ጋቢ እንዳለበስከው ቁጠር። የከሚሴ ፀሐይ ላይ ደግሞ ጋቢ!

ጥያቄ፦ ደሴ ላይ ክረምቱን እንዴት ይደርቃል?

መልስ፦ ጉሙ እስኪገለጥ ጠብቅ። ብረቱ ላይ ጤዛ ካለ ቀለሙ ይነጣል፣ ቆይቶም ይላቀቃል። ስፕሬዩን ለብ ያለ ውሃ ውስጥ አቆየው። ከሰል ላይ የሚያሞቁ አይቻለሁ፤ ይፈነዳል!

ጥያቄ፦ ከለሩስ?

መልስ፦ የወደድከው። እኔ ግራጫ እመርጣለሁ፤ ዘይት ማፍሰስ ሲጀምር ቶሎ ያሳብቃል። ጥቁር ይደብቃል። ልትሸጠው ከሆነ ግን እኔን አትጠይቀኝ።