የፍቅር ዘፈን ክሊፕህ ታሪክ ለተመልካች ገብቶት፣ በዚያው አካሄድ የሠራኸው የራፕ ክሊፕህ ታሪክ ግን ያልገባው ለምንድነው?

ግጥሙ የሚለውን ምስሉም ስለደገመው ነው። «በሩን ዘጋሁ» ሲል በር ሲዘጋ አታሳይ። ለፍቅር ዘፈኑ ያው አካሄድ የሠራልህ ቃሉ ጥቂት ስለሆነ ነው፤ ምስሉ የሚተርክበት ቦታ አለው። ራፕ ግን ራሱ ተራኪ ነው።

1. ራፑ ሲሄድ ግጥሙ ያልነገረንን አሳይ፤ ለምሳሌ ራፐሩን የሚያዳምጠውን ሰው ፊት።

2. አዝማቹ ላይ ሁሌ ወደ አንድ ቦታ ተመለስ፤ ግን በየጊዜው አንድ ነገር ተቀይሮ እናግኘው። ለምሳሌ ሰው ተቀምጦበት የነበረው ወንበር መጨረሻ ላይ ባዶ ከሆነ፣ መሄዱ ያለ ቃል ይገባናል።

የጭፈራ ዘፈን ከሆነ ታሪክ አታብዛ፣ እንቅስቃሴው ይበቃል።

ስትቀርጽ አንድ ነገር ተጠንቀቅ፦ ዘፋኙ ለካሜራ ሲዘፍንና ሲተውን በአንድ ልብስ ከሆነ ተመልካች ይምታታበታል። እኔ ቢያንስ ጃኬት አስቀይራለሁ። ኤዲቲንግ ላይ ይህን ማስተካከል ይከብዳል።