ላንጋኖ ያልሄደችው ልጄ

የተከበሩ የምክር አምድ አዘጋጅ፣

በአንድ ማተሚያ ቤት የጥረዛ ክፍል ውስጥ መሥራት ከጀመርኩ ሰባት ዓመት ሞልቶኛል። ባለትዳርና የሁለት ልጆች አባት ነኝ፤ ትልቋ ሴት ልጄ 11 ዓመቷ ሲሆን አምስተኛ ክፍል ናት፣ ትንሹ ወንድሟ ደግሞ ገና ሰባት ዓመቱ ነው። ጥቅል ደመወዜ 12,500 ብር ሲሆን፣ የሥራ ግብሩና የጡረታ መዋጮው ተቀንሶ እጄ የሚገባው 9,225 ብር ነው። ከዚህ ላይ 5,000 ብር ለቤት ኪራይ፣ 1,500 ብር ለዕቁብ ይወጣል። ባለቤቴ እንጀራ እየጋገረች ለሦስት ሱቆች ስለምታስረክብ ቀሪውን የቤት ወጪ በአብዛኛው የምትሸፍነው እሷ ናት። ይህን የምዘረዝረው ለማማረር አይደለም፤ ጥያቄዬ ያለ ሒሳቡ አይገባም ብዬ ነው።

ነገሩ የጀመረው በሬዲዮ ነው። በሥራ ክፍላችን መደርደሪያ ላይ አንቴናው ተሰብሮ በሽቦ የተተካ አሮጌ ሬዲዮ አለን፤ ቅዳሜ ጠዋት ወረቀት እያጠፍንና እየሰፋን፣ አንድ ወንድና አንዲት ሴት አዘጋጆች እየተሳሳቁ የሚያወጉበትን ዝግጅት እናዳምጣለን። ባለፈው ኅዳር ወንዱ አዘጋጅ ቤተሰቡን ይዞ ላንጋኖ ሰንብቶ እንደመጣ፣ ልጆቹ ጉማሬ እንዳዩ፣ ማታ ማታ እሳት አንድደው ዙሪያውን እንደተቀመጡ ተረከልን። ልጅን ተፈጥሮ ሳያሳዩ ማሳደግ ልጁን መበደል ነው ሲልም ጨመረ። ዘፈን ተለቀቀ። ዘፈኑ ሲያበቃ ወሬው ወደ ኑሮ ውድነት ዞረና፣ ያው ሰው የሠራተኛ ደመወዝ ከወር ወር የማይደርሰው ሠራተኛው ዕቅድ ስለሌለው እንደሆነ፣ በየቀኑ የሚጠጣትን ማኪያቶ ቢተው ብዙ ገንዘብ እንደሚያጠራቅም አስረዳን። አጠገቤ የሚሠራው ባልደረባዬ ምንም ሳይናገር በሙጫ በተለወሰ እጁ ሬዲዮውን ዘጋው፤ የሙጫው አሻራ እስከ ዛሬ ቁልፉ ላይ አለ።

ቤት ስደርስ ልጄም እናቷ ምጣድ ላይ ሆና የከፈተችውን ያንኑ ዝግጅት ሰምታ ኖሮ፣ «አባ፣ እኛስ ላንጋኖ መቼ ነው የምንሄደው?» ብላ ተቀበለችኝ። ለገና አልኳት። ገና ደረሰ፣ የበግና የዶሮ ዋጋ የሚሆነውን አደረገንና ለጥምቀት አልኳት። ጥምቀትም አለፈ። ከሁለት ሳምንት በፊት የቤት ሥራዋን ልይ ብዬ የአማርኛ ደብተሯን ስገልጥ «በበዓል ዕረፍቴ ያየሁት ቦታ» የሚል ድርሰት ጽፋ አገኘሁ። ከአባቷ፣ ከእናቷና ከወንድሟ ጋር ላንጋኖ ሄዳ ነበር። የሐይቁ ውሃ እንደ ሰማይ ሰማያዊ ነበር፤ ጉማሬው ሲያዛጋ ትንሹ ወንድሟ ፈርቶ አባቷ ትከሻ ላይ ወጣ፤ ማታ እሳት አነደድን። መምህሯ ከ10 ዘጠኝ ሰጥተው፣ በቀይ እስክሪብቶ «ጎበዝ፤ ዕድለኛ ልጅ ነሽ» ብለው ጽፈውበታል። ደብተሩን ቦታው መልሼ ወደ ውጭ ወጣሁ።

ከዚያ ቀን ወዲህ አንድ ነገር አስቤያለሁ። ከመሥሪያ ቤታችን የቁጠባና ብድር ማኅበር በአንድ ዓመት የሚከፈል 20,000 ብር ተበድሬ፣ በየካቲቱ የትምህርት ዕረፍት ለሁለት ሌሊት ላንጋኖ ልወስዳቸው ነው። ያልተጠቀምኩበት የዓመት ፈቃድ ስላለኝ እሱንም በገንዘብ እንዲቀይሩልኝ ልጠይቅ እፈልጋለሁ። ባለቤቴ ግን «ሐይቁ የትም አይሄድም፤ የቤት ኪራይ ግን ይመጣል» ብላ አልተስማማችም። ስለ ድርሰቱ እስካሁን አልነገርኳትም። ልበደር ወይስ ልተወው? ልጄንስ ደብተሯን ማየቴን ልንገራት?

የጥረዛ ሠራተኛው ነኝ፣ ከአዲስ አበባ

መልስ

ውድ ወንድሜ፣

ከብድሩ ልጀምር፤ አይበደሩ። ለዚህ ምክሬ የእርስዎው ሒሳብ ይበቃል። ከ9,225 ብር ላይ ኪራዩና ዕቁቡ ሲወጣ 2,725 ብር ይቀርዎታል። 20,000 ብር በአሥራ ሁለት ወር ሲከፈል፣ ወለዱን ሳንቆጥር በየወሩ 1,667 ብር ያህል ስለሆነ፣ ለትራንስፖርትና ለልጆች ትምህርት የሚተርፍዎት 1,058 ብር ብቻ ነው። ያ ማለት የሁለት ሌሊቱን ሽርሽር ሙሉውን ዓመት በምጣዷ የምትከፍለው ባለቤትዎ ትሆናለች። አልስማማም ማለቷ ልጆቿ ሐይቅ እንዳያዩ ፈልጋ ሳይሆን፣ ከማናችንም ቀድማ ይህን ሒሳብ ሠርታው ይመስለኛል።

ስለ ሬዲዮው ያደረብዎትን ቅሬታ ግን ከእርስዎ ጋር እጋራዋለሁ። አዘጋጁ ስለ ጉዞው ማውራቱ ጥፋት አይደለም፤ ደስ ያለው ሰው ደስታውን ይናገራል። ያስቀየመኝ በአንድ ዘፈን ልዩነት ከሽርሽሩ ወደ ማኪያቶው መሻገሩ ነው። ገንዘብ የሌለውን ሰው ልጅህን በደልህ ካሉት በኋላ፣ ገንዘብ የሌለህም በራስህ ጥፋት ነው ሲሉት ሁለት ጊዜ ተከሰሰ ማለት ነው። እርስዎ በየቀኑ የሚያጥፉት ወረቀት ከውጭ የሚገባ ስለሆነ ነገሩን ከማንም በላይ ያውቁታል፤ በሐምሌ 2016 ዓ.ም. የውጭ ምንዛሪ በገበያ እንዲወሰን ሲደረግ 57 ብር ገደማ የነበረው አንድ ዶላር በሳምንታት ውስጥ ከ100 ብር በላይ ሆኗል። የዚያን ለውጥ ዳፋ በማኪያቶ የሚመልስ ሠራተኛ አላውቅም። ከሐምሌ 2017 ዓ.ም. ጀምሮ ከግብር ነፃ የሆነው የደመወዝ መጠን ከ600 ወደ 2,000 ብር ከፍ ሲል፣ ምጣኔዎቹም አብረው ስለተለወጡ በእርስዎ ደመወዝ ላይ የሚቆረጠው ግብር በወር 475 ብር ቀንሷል። ያቺን ብር ለጉዞ ያስቀምጡ ብዬ ልመክርዎ ቃጥቶኝ ነበር፤ ነገር ግን ኪራዩ ወይም ጤፉ ዋጋ ሲጨምር ይዟት እንደሄደ ስለምገምት፣ ያን ብመክር እኔም ከአዘጋጁ አልለይም።

የዓመት ፈቃዱ ጉዳይ ሌላ ነው፤ እዚህ ላይ እርስዎ ያሎትን ሀብት አሳንሰው የሚያዩት ይመስለኛል። በአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 መሠረት አንድ ሠራተኛ ለመጀመሪያው የአገልግሎት ዓመት 16 የሥራ ቀናት፣ ከዚያ በኋላ ለሚያገለግልበት ለየሁለቱ ዓመት ደግሞ አንድ ተጨማሪ ቀን ዕረፍት ያገኛል። የእርስዎ ሰባት ዓመት ሲሰላ 19 የሥራ ቀናት ይሆናል፤ ደመወዝዎም አይቋረጥም። የሥራ ውሉ ሳይቋረጥ ይህን ዕረፍት በገንዘብ መለወጥ በሕጉ የተከለከለ ስለሆነ፣ ጥያቄውን ቢያቀርቡም አሠሪዎ ሊፈቅድልዎ አይችልም። ዕረፍቱም ቢተላለፍ ከሁለት ዓመት በላይ መተላለፍ የለበትም። ስለዚህ በየካቲት ልጆቹ ትምህርት ሲዘጉ ቢያንስ አምስቱን ቀን ይውሰዱ፤ ጥያቄውንም አስቀድመው በጽሑፍ ያቅርቡ።

አሁን ወደ ድርሰቱ ልመለስ። ልጅዎ ላንጋኖን አላየችም። ይቅርታ ያድርጉልኝና፣ እርስዎም አላዩትም፤ ቢያዩት ኖሮ «እንደ ሰማይ ሰማያዊ» የሚለውን ሲጽፉልኝ እጅዎ ይቆም ነበር። የላንጋኖ ውሃ ቀላ ያለ ቡናማ ነው፤ ወተት የገባበት ሻይ ይመስላል። ሰው ሳይሰጋ የሚዋኝበት ብልሃርዝያ የለበትም ስለሚባል እንጂ ለመልኩ አይደለም። መምህሯም ይህን አላረሙም፤ ምናልባት እሳቸውም አልሄዱ ይሆናል፤ በመምህር ደመወዝ ማን ይፈርድባቸዋል? እኔ በዚህ ድርሰት ውስጥ ዋሾ ልጅ አይታየኝም። እርስዎ ለገና፣ ከዚያም ለጥምቀት ብለው ቃል ገቡላት፤ በዓላቱ አልፈው ቃሉ ሳይፈጸም ሲቀር፣ እሷ በደብተሯ ላይ ፈጸመችልዎ። ወንድሟ በፈራ ጊዜ የወጣው የማን ትከሻ ላይ እንደሆነ ደግመው ያንብቡት።

ስለዚህ ደብተሩን አየሁት ብለው አይጀምሩ፤ የቤት ሥራ ሊያዩ ሄደው ቢያገኙትም፣ ለእሷ መያዝ ሆኖ ይሰማታል። መጀመሪያ የራስዎን ይንገሯት፦ ላንጋኖ እንሄዳለን ያልኩሽ ገንዘቡ ሳይኖረኝ ነው፣ ጥፋቱ የእኔ ነው ይበሏት። አሥራ አንድ ዓመት የሞላት፣ እናቷ እንጀራ ቆጥራ ስታስረክብ የምታይ ልጅ ስለ ገንዘብ የማትሰማው ነገር የለም፤ አልገባትም ብለው አይገምቱ። ድርሰቱን እሷ ራሷ ካነሳችው ያን ጊዜ አይቼዋለሁ ይበሉ፤ አይካዱ። ለመምህሯ ሄደው እውነቱን እንዲናገሩ ግን አልመክርም፤ ድርሰት ነውና ዘጠኙ ይገባታል። ከእንግዲህም ቃል ሲገቡ በበዓል አይቅጠሩ፤ በዓል ራሱ ባለ ዕዳ ነው።

ከዚያ ሐይቅ ያሳዩአት። ላንጋኖ ከአዲስ አበባ 200 ኪሎ ሜትር ያህል ይርቃል፤ ቢሾፍቱ ግን 45 ኪሎ ሜትር ገደማ ስለሆነ ጠዋት ተሄዶ ማታ ቤት ይገባል፤ አልጋም አያስፈልግም። ሬዲዮው ሁልጊዜ የሚያወራው ስለ ሎጅ ስለሆነ ሐይቅ ያለ ሎጅ የማይታይ ይመስለናል። በቢሾፍቱ ዙሪያ ያሉት አብዛኞቹ ሐይቆች ጥንት እሳተ ገሞራ ፈንድቶ በከፈታቸው ጉድጓዶች ውስጥ የተጠራቀሙ ናቸው። እኔ በልጅነቴ ከትምህርት ቤት ጋር ስሄድ በጣም ያስገረመኝ ሐይቁ ከሩቅ አለመታየቱ ነበር፤ በከተማው መንገድ፣ በቤቶችና በአጥሮች መካከል ሲሄዱ ቆይተው፣ መሬቱ ድንገት ይቆረጥና ውሃው ከእግርዎ በታች ርቆ፣ ድፍን ሆኖ ይታያል። ለዚህ ጉዞ ሆራን እመርጥልዎታለሁ፤ በየዓመቱ ከመስቀል በኋላ የኢሬቻ በዓል የሚከበርበት ሐይቅ ነው። አንዳንዶቹ የሐይቅ ዳርቻዎች በሆቴሎችና በመዝናኛዎች የተያዙ ስለሆኑ፣ ከመሄድዎ በፊት የትኛው በር ለሕዝብ ክፍት እንደሆነና መግቢያው ስንት እንደሆነ አገሩን የሚያውቅ ሰው ይጠይቁ። ምሳ ከቤት ይያዙ። ልጆቹ ውሃው ዳር ብቻቸውን እንዳይሄዱ፤ የእሳተ ገሞራ ሐይቅ ከዳር ወዲያው ይጠልቃል። ጉማሬ ግን እዚያ እንደማያዩ ከቤት ሳይወጡ ይንገሯቸው፤ አንድ የተጠበቀ ነገር ከቀረ በቂ ነው።

ሌላ ጊዜ ደግሞ፣ ዕቁቡ ሲደርስዎ ይሁን ሳይደርስ፣ የመናገሻ ሱባ ደን አለ። በ15ኛው መቶ ዘመን ዐፄ ዘርዓ ያዕቆብ ከሰሜን ሸዋው ወፍ ዋሻ የጽድ ዘር አስመጥተው እንዳስተከሉት ይነገራል። በጽዶቹ ላይ ጉሬዛ ይዘላል፤ ዕድል ከቀናዎት የምኒልክ ድኩላም ይታያል። ልጅዎ ደግሞ ጉሬዛ ያየ ሰው ሳይፈጥር የሚጽፈው ነገር አያጣም።

ለባለቤትዎ ድርሰቱን ዛሬ ማታ ያንብቡላት። እሷም የልጅቷ እናት ናት፤ በዚያ ሐይቅ ዳር እሷም ቆማ ነበር። ብድሩን መተውዎን ከነገሯት በኋላ ስለ ቢሾፍቱው ያንሱላት፤ ቀኑን ግን እርስዎ አይቁረጡ። ለሦስቱ ሱቆች የማታስረክብበት፣ ምጣዷም የሚያርፍበት ቀን የትኛው እንደሆነ ጠይቀዋት በዚያ ቀን ይሂዱ፤ እንዲህ ያለ ቀን ከሌላትም፣ ከዓመት ፈቃድዎ አንዱን ቀን ወስደው እንጀራውን ለሱቆቹ እርስዎ ያድርሱላት።