ብርጭቆውን ሳይሆን ቱቦውን እዩ

ልጆቼ፣

ዕድሜዬን ያሳለፍኩት ቢራ ፋብሪካ ላቦራቶሪ ውስጥ ነው። ጡረታ ከወጣሁ በኋላ ሲያትል ያለችው ልጄ ጋ ሄጄ ነበር። አንድ ቅዳሜ «አባዬ፣ ዛሬ የሙያህን ነገር ላሳይህ» ብላ ስቲቨንስ ፓስ የሚባለውን የተራራ መተላለፊያ አሻግራ ሌቨንዎርዝ ወሰደችኝ።

ሌቨንዎርዝ ትንሽዬ ከተማ ናት። ድሮ በባቡርና በእንጨት ትተዳደር ነበር። እ.ኤ.አ. በ1920ዎቹ ባቡሩ መስመር ሲቀይር ቀዘቀዘች። በ1960ዎቹ ነዋሪዎቹ መክረው ሱቁን ሁሉ የጀርመን ባቫሪያ ቤት አስመሰሉት፤ ቱሪስት ይጎርፍ ጀመር። ለእኔ ትንሽ የቲያትር መድረክ መሰለችኝ። አየሯ ግን ግሩም ነው።

የገባንበት ቤት ቢራውን እዚያው ጠምቆ እዚያው የሚቀዳ ነው። መታወቂያ ያዙ፤ 21 ዓመት ላልሞላው አይሸጡም። እኔን ሽበታሙን እንኳ ጠየቁኝ፣ ደስ አለኝ።

ስትገቡ ትልቁን ብርጭቆ አትዘዙ። አራት ትንንሽ ብርጭቆ በእንጨት ሰሌዳ ደርድረው ያመጡላችኋል። ከቀላሉ ጀምሩ። አይፒኤ የሚሉት መራራው ቢራ ብዙ ጊዜ 6 ወይም 7 በመቶ አልኮል አለው፤ እሱን ካስቀደማችሁ ምላሳችሁ ደንዝዞ የቀረውን አትለዩትም። ምሬቱ ከሆፕስ ነው። ሆፕስ ለእነሱ እንደኛ ጌሾ ነው። የአሜሪካ ሆፕስ አብዛኛው የሚበቅለውም እዚያው ዋሽንግተን ክፍለ ሀገር፣ ያኪማ ሸለቆ ውስጥ ነው። የሚነዳ ሰው ግን አይቅመስ፤ ልጄ ያን ቀን ለስላሳ ነው የጠጣችው።

ከመቅመሳችሁ በፊት አሽትቱ። ቅቤ ቅቤ ካለ ወይ እርሾው ሥራውን ሳይጨርስ የተቀዳ ነው፣ ወይ ቢራው የሚቀዳበት ቱቦ በደንብ አልታጠበም። ይህችን በራሴ ጥፋት ነው ያወቅኳት። ወጣት ሳለሁ አንድ አዛውንት አጣቢ «ልጄ፣ ይቺ ቧንቧ አልጠራችም» አሉኝ። እኔ ዲግሪ ይዣለሁ፣ ማጠብ የእሳቸው ሥራ ነው ብዬ ቅጹ ላይ ሳላይ ፈረምኩ። ያ ሁሉ ቢራ ኮምጥጦ ተደፋ። ሲደፋ ቆሜ አየሁ። ሽታው እስከ ዛሬ አፍንጫዬ ላይ አለ። እሳቸው ደግሞ አንድ ቀን እንኳ «ብዬህ ነበር» አላሉኝም። እሱ ነው የባሰው።

ስለዚህ ፎቶውን ካነሳችሁ በኋላ ስልኩን አስቀምጡና ከባንኮኒው ጀርባ ያለውን ልጅ ጠይቁት። እንዲህ ባለ ትንሽ ቤት የሚቀዳላችሁ ብዙ ጊዜ የጠመቀው ራሱ ነው። ወሬውም ነፃ ነው! እኔ «ከቀን ሥራህ ጠመቃው ስንቱ ነው?» አልኩት። ሳቀና የላስቲክ ቦቲውን አሳየኝ። አብዛኛው ማጠብ ነው አለኝ።

እሱም በተራው የእኛን አገር ጠየቀኝ። እናቴ ጠላ ስትጠነስስ ጋኑን በግራዋ ቅጠል አጥባ በወይራ ጭስ እንደምታጥን ነገርኩት። «ግራዋ» የሚለውን ሦስት ጊዜ አስደግሞኝ ከብርጭቆው ሥር ባለችው ካርቶን ላይ ጻፈው።

«ታዲያ ጭሱ መጠጡ ውስጥ አይገባም?» አለ።

«ይገባል እንጂ! የሚፈለገውስ እሱ አይደል?» አልኩት።