ቤታችሁ ሰርቨር ለምታቆሙ ወጣቶች

ይድረስ በኮምፒውተር ሙያ ለመሰማራት ለምታስቡ ወጣቶች፤

የሥራ ዘመኔን ያሳለፍሁት የመሥሪያ ቤት ሰርቨሮችን በመጠበቅ ነው። ወጣቶች መጥተው የትኛውን ሰርተፍኬት ልውሰድ ብለው ሲጠይቁኝ፣ ሰርተፍኬቱን ሳልቃወም፣ አስቀድማችሁ ባገለገለ ኮምፒውተር ላይ ሊኑክስ የተባለውን ነፃ የኮምፒውተር ሥርዓት ጫኑና ቤተሰቡ ፊልምና መዝሙር የሚከፍትበት ሰርቨር አድርጉት እላቸዋለሁ። ከሊኑክስ ዓይነቶች ዴቢያንን ወይም ኡቡንቱን መጫን፣ ፊልሞቹን የሚያሰራጨውን ጄሊፊንን ማስነሳትና ቴሌቪዥኑ ላይ ማጫወቻውን ኮዲን መክፈት የአንድ ምሽት ሥራ ነው፤ ከዚያ ብዙ አትማሩም። ትምህርቱ የሚጀምረው ከሳምንታት በኋላ እናታችሁ «ዛሬ ለምን አይከፍትም?» ብለው ሲጠይቁ ነው። ከዚያች ዕለት ጀምሮ ሌላ ሰው የሚተማመንበት አገልግሎት በእጃችሁ አለ ማለት ነው፤ እኔ ደመወዝ ሲከፈለኝ የኖርሁትም ለዚሁ ሥራ ነበር።

አዲስ ዕቃ አትግዙ። ሌት ተቀን የሚበራ መሣሪያ የሚፈጀውን መብራት ግን አስሉ፤ 60 ዋት የሚወስድ አሮጌ ዴስክቶፕ በ30 ቀን 43 ኪሎዋት ሰዓት ያህል ሲበላ፣ 15 ዋት የሚወስድ ላፕቶፕ 11 ያህል ይበቃዋል። ስክሪኑ የተሰነጠቀ ላፕቶፕ ካገኛችሁ እንዲያውም ይመረጣል፤ ዋጋው ይረክሳል፣ ስክሪኑ አያስፈልጋችሁም፣ ባትሪውም መብራት ሲጠፋ እንደ ዩፒኤስ ያገለግላል። እዚህ ላይ ብዙዎች የማያስተውሉት ነገር አለ። የራሱ የኃይል ገመድ ያለው ትልቁ ኤክስተርናል ሃርድ ዲስክ ከመብራቱ ጋር አብሮ ይጠፋል፤ ላፕቶፑ በባትሪው እየሠራ ዲስኩ ፋይል በሚጻፍበት መሐል ይቋረጥበታል። ስለዚህ ኃይሉን ከዩኤስቢው የሚያገኘውን ትንሹን ዲስክ ውሰዱ፤ ያለበለዚያ ለትልቁም ለብቻው ዩፒኤስ አብጁለት።

ከመግዛታችሁ በፊት ማወቅ ያለባችሁ ሌላው ነገር ፊልሙ እንዴት እንደሚተላለፍ ነው። ፊልሙ የተጨመቀበትን ኮዴክ (የመጭመቂያ ዘዴ) ቴሌቪዥኑ የሚያውቀው ከሆነ ሰርቨሩ ፋይሉን እንዳለ ይልካል፤ ይህን ሥራ ትንሿ ኮምፒውተር ራስበሪ ፓይም ትችለዋለች። ቴሌቪዥኑ ካላወቀው ግን ሰርቨሩ ምስሉን እየፈታ በሌላ ኮዴክ መልሶ መጭመቅ ይኖርበታል፣ ይህም ያለ ሃርድዌር ድጋፍ ከሆነ ፕሮሰሰሩን ያስጨንቀዋል፣ ፊልሙም በየደቂቃው ይቆማል። እ.ኤ.አ. በ2013 የወጣውን ኤች.265 የተባለ ኮዴክ ቀለሙ በረቀቀው በ10 ቢቱ ዓይነት ጭምር ያለ ችግር የሚፈቱና የሚጨምቁት ከሰባተኛው ትውልድ ወዲህ ያሉት የኢንቴል ፕሮሰሰሮች ናቸው፤ በስድስተኛው ላይ ያለው ድጋፍ በ8 ቢት ይወሰናል። በቤት ውስጥ ከሰርቨሩ ወደ ቴሌቪዥኑ የሚሄደው ፊልም ከኢንተርኔት ፓኬጃችሁ ምንም እንደማይቀንስ ለቤተሰቡ ማስረዳትም አይዘንጋ፤ ይህን ባለማወቅ ራውተሩን የሚያጠፉ አባቶች አሉ።

ከሁሉ ይልቅ ልቆይበት የምፈልገው የፋይል ፈቃድ ጉዳይ ነው፤ ማለትም የትኛው ተጠቃሚ የትኛውን ፋይል መክፈት እንደሚችል። ጀማሪው ዲስኩን ይሰካል፣ ዴስክቶፑ (በመዳፊት የሚሠራበት የሊኑክስ ገጽታ) ላይ ፊልሞቹን ያያቸዋል፣ ጄሊፊን ግን ፎልደሩ ውስጥ ምንም አላገኘሁም ይለዋል። ምክንያቱ ጄሊፊን የሚሠራው በእናንተ ስም ሳይሆን ለእሱ ብቻ በተከፈተ የተጠቃሚ ስም መሆኑ ነው፤ ኡቡንቱ ደግሞ በዴስክቶፑ በኩል የተሰካን ዲስክ የሚያስቀምጠው በወቅቱ የገባው ተጠቃሚ ብቻ በሚደርስበት ፎልደር ሥር ነው። ፊልሙ ራሱ ለሁሉም የተፈቀደ ቢሆን እንኳ፣ ወደ እሱ በሚያደርሰው መንገድ ካሉት ፎልደሮች አንዱ ከተዘጋ ፕሮግራሙ አያልፍም። ወጣቱ በዚህ ጊዜ የሆነ ቦታ ያነበበውን፣ ሁሉን ለሁሉም የሚፈቅደውን የ777 ትእዛዝ ፊልሙ ላይ ይጽፋል፤ የተዘጋው ፊልሙ ሳይሆን የላይኛው ፎልደር ስለሆነ ለውጥ የለም፤ ተናዶ ከላይ ጀምሮ ሁሉን ይከፍታል፤ ያን ጊዜ ይሠራል፣ ለምን እንደሠራ ግን አያውቅም፣ ማሽኑንም ለማንም ክፍት አድርጎታል። እናንተ ግን ከላይኛው ፎልደር ጀምራችሁ መንገዱን ደረጃ በደረጃ መርምሩ፤ ፎልደሮቹን አንድ በአንድ እያያችሁ የማን እንደሆኑና ማን እንደሚያልፍባቸው አረጋግጡ። ከዚያም ማሽኑ ሲነሣ ዲስኮች የት እንደሚቀመጡ በሚወስነው በኤፍኤስታብ ፋይል ውስጥ ዲስኩን በማይለዋወጥ መለያው፣ በዩዩአይዲ ቁጥሩ መዝግባችሁ ቋሚ ቦታ ስጡት፤ ሊኑክስ ለዲስኩ የሚሰጠው «ኤስዲቢ» የሚለው ስም ማሽኑ በተነሣ ቁጥር ለሌላ ዲስክ ሊሰጥ ይችላልና አትመኑበት። «ኖፌይል» የምትለውን ቃልም ጨምሩ፤ እሷ ከሌለች ዲስኩ አንድ ቀን ሳይሰካ ቢቀር ሰርቨሩ መነሣቱን አቋርጦ የእናንተን እጅ ይጠብቃል፣ እናንተ ደግሞ ያን ቀን ቤት ላትኖሩ ትችላላችሁ።

የፋይሎቻችሁን ስም በፊደላችን ጻፉ፤ ሊኑክስ በሚገባ ይቀበላቸዋል። ነገር ግን ኤክስት4 የተባለው የተለመደው የሊኑክስ የፋይል ሥርዓት ለአንድ ስም የሚፈቅደው 255 ባይት ሲሆን፣ እያንዳንዱ የግዕዝ ፊደል በዩቲኤፍ-8 (ፊደላት በኮምፒውተር በሚቀመጡበት ኮድ) ሦስት ባይት ይወስዳል፤ ስለዚህ ጣሪያችሁ 85 ፊደል ነው፣ ረጅም የስብከት ርእስ ደግሞ ይህን በቀላሉ ያልፈዋል። ለኮምፒውተሩ «ሠርግ» እና «ሰርግ» ሁለት የተለያዩ ስሞች ናቸውና አንዱን መርጣችሁ በእሱ ጽኑ። የአማርኛ የትርጉም ጽሑፍ በባዶ ሳጥኖች ተተክቶ ከታየ ደግሞ የጎደለው ቅርጸ ፊደል ነው፤ ኖቶ ሳንስ ኢትዮፒክን ጫኑለት።

ሠርግን ካነሣሁ አይቀር፣ በየቤቱ ያሉት የቪኤችኤስ ካሴቶች እየተበላሹ ነው፤ ወደ ዲጂታል ቀይራችሁ ሰርቨሩ ላይ ብታኖሯቸው ቤተሰባችሁ ከማንኛውም ፊልም ይልቅ ያመሰግናችኋል። ነገር ግን ፊልም ቢጠፋ ሌላ ቦታ ይገኛል፣ የአያታችሁ ድምፅ ግን አይገኝም። ሁለት ዲስክ በሬይድ፣ ማለትም አንዱ የሌላው ግልባጭ ሆኖ እንዲሠራ፣ ማጣመር የመጠባበቂያ ቅጂ አይሆንም፤ በስሕተት የተሰረዘው ከሁለቱም ላይ እኩል ይሰረዛልና። አርሲንክ በተባለው የመቅጃ ፕሮግራም ወደ ሌላ ዲስክ ቅዱ፣ ዲስኩንም ሌላ ቤት አስቀምጡት፣ አልፎ አልፎም ከቅጂው አንድ ፋይል መልሳችሁ ክፈቱ። (የፋይል ማጋሪያውን ሳምባን እ.ኤ.አ. በ1990ዎቹ መጀመሪያ የጀመረው አውስትራሊያዊው አንድሩ ትሪጀል ያኔ የዶክትሬት ተማሪ ነበር፤ በኋላም አርሲንክን ከባልደረባው ጋር ሠራ። በነፃ የምንጠቀምበት ብዙው ነገር የራሱን ችግር ለመፍታት ከተቀመጠ ሰው የመጣ ነው።)

ከውጭ ሆናችሁ ለመግባት ብላችሁ የራውተሩን በር (ፖርት) ለዓለም አትክፈቱ፤ የተመሰጠረ መንገድ የሚከፍተው ዋየርጋርድ እ.ኤ.አ. ከ2020 ጀምሮ በሊኑክስ ከርነል (እምብርት) ውስጥ ስላለ በእሱ ግቡ፣ ማሽኑን ከሩቅ ለምታዙበት ለኤስኤስኤችም ከይለፍ ቃል ይልቅ የቁልፍ ፋይል ተጠቀሙ።

የሠራችሁትን ሁሉ በደብተር መዝግቡ፤ ምን እንደቀየራችሁ፣ መቼና ለምን። በአንድ ጊዜ ሁለት ነገር አትቀይሩ። የጄሊፊን አዲስ እትም ሲጫን ዳታቤዙን የሚቀይርበት ጊዜ አለ፤ አስቀድማችሁ ካልቀዳችሁት ወደ ቀድሞው እትም መመለሻ የላችሁም። ስለዚህ ማሻሻያውን በሥራ ቀን ማለዳ፣ ቤተሰቡ ሳይሰበሰብ ጫኑ። የፋሲካ ዋዜማ ላይ ግን፣ እንግዳ ተጠርቶ ሁሉም ቴሌቪዥኑ ፊት ሊቀመጥ ሲል፣ ምንም ያህል አዲሱ እትም ቢያጓጓችሁ ሰርቨሩን አትንኩ።