መኪናዋ የት ታድራለች?

ጥያቄ፦ ጋሼ፣ ጤና ይስጥልኝ። የምኖረው አያት ኮንዶሚኒየም አራተኛ ፎቅ ላይ ነው። ሥራዬ ሜክሲኮ አካባቢ ሲሆን ሁለት ልጆቼን በመንገዴ ትምህርት ቤት አደርሳለሁ። ከባለቤቴ ጋር ባጠራቀምነው ገንዘብ የኤሌክትሪክ መኪና ልንገዛ አስበናል። ሻጩ ባትሪው 60 ኪሎ ዋት ሰዓት እንደሆነና አንዴ ከሞላ 500 ኪሎ ሜትር እንደሚያስኬድ ነግሮናል። ወላጆቼ ጅማ ስለሚኖሩ በየዓመቱ ለዓረፋ እንሄዳለን። ከዘመድ ወዳጅ ግማሹ «ከነዳጅ ሰልፍ ተገላገልሽ» ይለኛል፤ ግማሹ «ጣጣ ልትገዢ ነው» ይላል። እርስዎ ራስዎ እንደሚነዱ በዚሁ ዓምድ አንብቤያለሁና ጣጣው ምን እንደሆነ ሳይሸሽጉ ይንገሩኝ።

*የሁለት ልጆች እናት፣ ከአያት*

መልስ፦ እኅቴ፣ አዎን፣ እነዳለሁ፤ ሦስት ዓመት ሊሞላኝ ነው። ከዚያ በፊት 26 ዓመት ጋራዥ ውስጥ የመኪና ኤሌክትሪክ ሠርቻለሁ። መኪናዬን እወዳታለሁ። ዘይት መቀየር፣ ካንዴላ መፍታት፣ ማደያ በር ላይ ተሰልፎ ማደር ቀርቶልኛል። ደግሞም ከጥር 2016 ዓ.ም. ወዲህ በነዳጅ የሚሠሩ የቤት መኪናዎች ወደ አገር እንዳይገቡ ስለተከለከለ ምርጫዎ እንደ ድሮው ሰፊ አይደለም። የጠየቁኝ ግን ጣጣውን ነውና ወደዚያው ልሂድ።

ደብዳቤዎን ሁለት ጊዜ አነበብኩት። ስለ ባትሪው ጽፈዋል፤ ስለ ጅማም ጽፈዋል። መኪናዋ ማታ የት እንደምታድር ግን አልነገሩኝም። እኔ ብሆን ሻጩ ዘንድ ከመሄዴ በፊት መልስ የምፈልግለት ለዚህ ጥያቄ ነው።

ተራ የግድግዳ ሶኬት በ220 ቮልት 10 አምፔር ቢሰጥ፣ በአንድ ሰዓት የሚገባው 2.2 ኪሎ ዋት ሰዓት ነው። 60ውን ከባዶ ለመሙላት ከ27 ሰዓት በላይ ይፈጃል ማለት ነው። ይህን ሲሰሙ ብዙዎች ይደነግጣሉ፤ እርስዎ ግን አይደንግጡ። ከአያት ሜክሲኮ ደርሶ መልስ፣ ትምህርት ቤቱን ጨምሮ፣ 40 ኪሎ ሜትር ቢሆን የሚያወጡት 6 ኪሎ ዋት ሰዓት ያህል ነው። ሌሊት ለሦስት ሰዓት ያህል ቢሰኩት ይመለሳል። ስለዚህ ትልቅ ቻርጀር አያስፈልግዎትም። የሚያስፈልግዎት መኪናዋ ከምትቆምበት አጠገብ ያለ፣ በራስዎ ቆጣሪ የሚቆጥር አንድ ጤናማ ሶኬት ነው። ኮንዶሚኒየም ውስጥ የሚጠፋው ደግሞ ይኸው ነው፤ ቤትዎ አራተኛ ፎቅ፣ መኪናዋ ግቢው ማዶ።

አንዳንዱ ሰው ማራዘሚያ ገመድ በመስኮት ያወርዳል። ይህን እንዳያደርጉ እለምንዎታለሁ። ገበያ ላይ በብዛት የሚሸጠው ቀጭን ገመድ ውስጡ 1 ካሬ ሚሊ ሜትር መዳብ ነው። 40 ሜትር ዘርግተው 10 አምፔር ቢያሳልፉበት መንገድ ላይ 14 ቮልት ይበላል፤ 140 ዋት ያህል ወደ ሙቀት ይለወጣል። የተረፈው ገመድ ተጠቅልሎ ጥግ ላይ ከተቀመጠ ሙቀቱ መውጫ ያጣል። በእኛ ሰፈር እንዲህ ተጠቅልሎ ያደረ ገመድ ላስቲኩ ቀልጦ አንድ ላይ ተጣብቆ አይቻለሁ። በማግሥቱ ጠዋት ልጆች እዚያው ቦታ ኳስ ይጫወቱ ነበር፤ ያ ነገር እስከ ዛሬ ከዓይኔ አልጠፋም።

የእንጀራ ምጣድዎን ያስቡ። 3.5 ኪሎ ዋት ገደማ ይወስዳል፤ ለእሱ ብለን ወፈር ያለ መስመር እናዘረጋለን። ምጣዱ ግን እንጀራው ሲያልቅ ይጠፋል፤ መኪና ሌሊቱን ሙሉ ሊሰካ ይችላል። ስለዚህ ለመኪናዋ የሚሠራው መስመር ከምጣዱ ማነስ የለበትም፦ ከቆጣሪዎ የሚነሳ ቢያንስ 4 ካሬ ሚሊ ሜትር ገመድ፣ በቱቦ ውስጥ ተቀብሮ፣ የራሱ ብሬከርና በትክክል የተተከለ የመሬት ሽቦ ያለው። ሰው ሁሉ ምጣዱን በሚሰካበት ከምሽቱ 12 እስከ 3 ሰዓት ቮልቴጁ ይወርዳል፤ ቻርጀሩም ራሱን ይቆርጣል። እኔ የምሰካው ከሌሊቱ 5 ሰዓት በኋላ ነው።

ለዚህ ሁሉ የሕንፃው ነዋሪዎች ኮሚቴ ፈቃድ ያስፈልግዎታል። ቀብድ ከመክፈልዎ በፊት ኮሚቴውን ያነጋግሩ፤ ፈቃዱንም በጽሑፍ ይቀበሉ። እምቢ ካሉዎት የሚቀርዎት የሕዝብ ቻርጅ ማድረጊያ ነው፤ ያን ጊዜ አንዱን ሰልፍ በሌላ ሰልፍ ለወጡ ማለት ነው። በዚህ ሁኔታ ይግዙ ብዬ አልመክርዎትም።

ሁለተኛው ጣጣ ማንም የማይነግርዎ ነው። ባለፈው ጥቅምት ከሌሊቱ 11 ሰዓት ላይ እናቴን ሐኪም ቤት ላደርስ ወጣሁ። ማታ ሳቆማት ባትሪዋ 72 በመቶ ነበር። በሩ አልከፈት አለ። ትልቁ ባትሪ ደህና ነው፤ የሞተችው ትንሿ ባለ 12 ቮልት ባትሪ ናት። በሩን የምትከፍተው፣ ኮምፒውተሩን የምታስነሳው፣ ትልቁን ባትሪ ከሞተሩ ጋር የሚያገናኘውን ማብሪያ የምትጫነው እሷ ናት። እሷ ከሌለች ትልቁ ባትሪ ሙሉ ሆኖም አይረዳም። ገፍቶ ማስነሳት የለም፤ የቆመችበት ማርሽ ስለተቆለፈ ጎማዋ እንኳ አይንቀሳቀስም። በሪሞቱ ውስጥ በተደበቀው የብረት ቁልፍ በሩን ከፍቼ፣ ከጎረቤት የነዳጅ መኪና ባትሪ በኤሌክትሪክ ገመድ አስነሳኋት። እናቴ በብርድ ሃያ ደቂቃ ደጅ ቆማ ጠበቀችኝ።

ስለዚህ ያ ቁልፍ የት እንዳለና በሩ ላይ ቀዳዳው የት እንደተሸፈነ መኪናዋን በሚረከቡበት ቀን ሻጩ ያሳይዎት። ትንሿን ባትሪ በየስድስት ወሩ ያስለኩ። መንገድ ላይ ብትቆምብዎ ደግሞ በገመድ አያስጎትቷት፤ ጎማው ሲዞር ሞተሩ ኤሌክትሪክ ያመነጫልና ሌላ ጉዳት ይመጣል። አራቱም ጎማዎች መሬት ሳይነኩ በጭነት መኪና ላይ ተጭና ነው መሄድ ያለባት።

አሁን ጅማ። የሻጩ 500 ኪሎ ሜትር ፈጠራ አይመስለኝም፤ የቻይና መለኪያ ነው። መለኪያው የሚሠራበት አማካይ ፍጥነት ግን በሰዓት 29 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። አራት ሰው ከነሻንጣው ጭነው በ90 ሲነዱ ለ100 ኪሎ ሜትር 17 ወይም 18 ኪሎ ዋት ሰዓት ይሄዳል፤ 340 ኪሎ ሜትር ላይ ባዶ ይሆናሉ። ጅማ 350 ገደማ ነው። ከወልቂጤ ወዲያ ደግሞ የጊቤ ሸለቆ አለ። ቁልቁለቱ ላይ ሞተሩ ባትሪውን መልሶ ይሞላል፤ ዳገቱ ከሚወስደው ግን ያንሳል። ስለዚህ ወልቂጤ ላይ አራት ሰዓት ቆመው ከሆቴል ሶኬት 9 ኪሎ ዋት ሰዓት መቀበል አለብዎት። ከዚያ በኋላ ወላጆችዎ ቤት ሲደርሱ 8 ኪሎ ዋት ሰዓት ያህል ይቀርዎታል፤ ባትሪውን መልሶ ለመሙላት አንድ ሙሉ ቀን ይፈጃል፤ ያውም መብራት ካልሄደ። ሰላምታው ሳያልቅ፣ ቡናው ሳይፈላ መሰካት ነው። ልጆች ይዞ በዚህ ሒሳብ መጓዝ ልብ ያደክማል። እኔ ለእንዲህ ያለው መንገድ መኪናዬን አቁሜ በአውቶቡስ ነው የምሄደው፤ ለእርስዎም የምመክረው ይህንኑ ነው። በየቀኑ ለሚያመላልስዎ መኪና በዓመት አንድ ጊዜ የሚሄዱበት መንገድ ዳኛ አይሁን።

ስለ መለዋወጫ ባጭሩ። ባጃጅ የግራ ስፖኪዮዬን ሰበረብኝ። የኮሮላ ቢሆን ሶማሌ ተራ ሄጄ ከምሳ በፊት ገጥሜው እመለስ ነበር። ይኸኛው ከቻይና እስኪመጣ 11 ሳምንት ጠበቅሁ። ከመግዛትዎ በፊት የስፖኪዮ፣ የፊት መብራትና የፓራውልት ዋጋ፣ የሚፈጀውንም ጊዜ ይጠይቁ። ሻጩ የሚያመነታ ከሆነ ሌላ ሞዴል ይመልከቱ። ባትሪው ያለው ከወለሉ ሥር ነውና ቤተሰቡን በሙሉ ጭነው የሰፈርዎን ጉብታዎች ሳይነካ ማለፉን ሞክረው ይዩ።

ጥያቄ፦ ከአዳማ አዲስ አበባ ሰው አመላልሳለሁ። ሁለት ዓመት የተነዳ የኤሌክትሪክ መኪና አግኝቻለሁ። ምን ልመልከት?

*ሾፌር፣ ከአዳማ*

መልስ፦ ወንድሜ፣ ከኪሎ ሜትሩ ይልቅ የባትሪውን ጤና ይመልከቱ። ኮምፒውተር ያለው ቴክኒሻን የባትሪው አቅም ስንት በመቶ እንደቀረ ያነብልዎታል። እሱ ብቻ አይብቃዎ፤ 100 በመቶ ሞልተው ራስዎ ይንዱት። የፍጥነት መንገዱን ያውቁታል፤ ወደ አዲስ አበባ ሲመጡ 700 ሜትር ያህል ሽቅብ ነው። እኔ በ60 ኪሎ ዋት ሰዓት መኪናዬ ወደ አዳማ ስወርድ 12 ኪሎ ዋት ሰዓት ገደማ፣ ስመለስ 19 አወጣለሁ። እርስዎ ደርሶ መልስ ተመሳሳይ ባትሪ ባለው መኪና ከግማሽ በላይ ብዙ ከወረደብዎ ባትሪው ደክሟል፣ ወይም ሌላ ችግር አለ።

የፈጣን ቻርጅ መሰኪያውንም ያረጋግጡ። ለቻይና ገበያ የተሠሩት ለዝግተኛና ለፈጣን ቻርጅ ሁለት የተለያዩ ቀዳዳዎች አሏቸው፤ ለአውሮፓ የተሠሩት ሁለቱን በአንድ ላይ ያጣመሩ ናቸው። አዳማም አዲስ አበባም እርስዎ የሚቆሙበት ቻርጀር ከየትኛው ጋር እንደሚገጥም ከሻጩ ጋር አብረው ሄደው፣ ሰክተው፣ ሲሞላ ዓይተው ይመለሱ።